መስከረም 1 በፈረንጅ ስንት ነው?

በከተማችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባን ለሚመሩ የተከበሩ ኃላፊ፣

ጤና ይስጥልኝ። የአራት ኪሎ ነዋሪ ነኝ። ጉዳዬን በማመልከቻ ማስገባት እችል ነበር። ግን ወረፋ ላይ አብረውኝ የቆሙት ሰዎች የያዙት ጣጣ ከእኔ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ስላገኘሁት በግልጽ መጻፍ መረጥኩ።

ታላቅ እህቴ አሜሪካ ነው የምትኖረው። ዜግነት ስታገኝ እናትና አባታችንን ወደዚያ ለመውሰድ ፕሮሰስ ጀመረች። ለእናት የልጅየዋ የልደት ምስክር ወረቀት ይበቃል። ለአባት ግን የወላጆች የጋብቻ ማስረጃም ይጨመራል። ወረቀት የማሯሯጡ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። የእህቴ የልደት ወረቀት የድሮ ነው፤ በእጅ የተጻፈ፣ በአማርኛ ብቻ። የጋብቻው የቤተ ክርስቲያን ነው። ሁለቱን ይዤ ስታዲየም አካባቢ ወዳለ አንድ ትርጉም ቤት ሄድኩ።

በማግስቱ ደረሰልኝ። ማኅተሙ ሲያምር! ክብ ማኅተም፣ ቲተር፣ የተጠማዘዘ ፊርማ። እናቴ በሁለት እጇ ይዛ አየችውና «ይኼማ አለቀ» አለች።

አላለቀም። ከወራት በኋላ እህቴ ጋ ከአሜሪካ ኢሚግሬሽን ደብዳቤ መጣ፤ ተጨማሪ ማስረጃ አቅርቢ የሚል። ለእንዲህ ያለው ጥያቄ የሚሰጠው ጊዜ ቢበዛ 12 ሳምንት ነው። እሷ እዚያ ሥራ ላይ፣ እኔ እዚህ ታክሲ ላይ።

መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ማኅተሙን ማንም አለመጠየቁ ነው። የአሜሪካ ፌደራል ደንብ፣ ርዕስ 8 ክፍል 103.2፣ የሚለው አጭር ነው። በሌላ ቋንቋ የተጻፈ ሰነድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ይኑረው። ተርጓሚው ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ ከዚያ ቋንቋ ወደ እንግሊዝኛ ለመተርጎም ብቃት እንዳለው ያረጋግጥ። በቃ። ማኅተም አይልም፣ ውልና ማስረጃ ይሂድ አይልም። የእኛ ትርጉም ማኅተም ሞልቶት ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጎደለችው። በዚያ ላይ «ሙሉ» ሲባል የምር ሙሉ ነው። በዋናው ወረቀት ማኅተም ዙሪያ የተጻፈው፣ ጀርባው ላይ ያለው ማስታወሻ፣ ጥግ ላይ በእስክርቢቶ የተጨመረው ቁጥር፣ ሁሉም መተርጎም አለበት። የእኛ ተርጓሚ ጀርባውን ጨርሶ አላየውም።

ይህ የተርጓሚ ጥፋት ነው፣ እርስዎን አይመለከትም። የእርስዎን ቢሮ የሚመለከተው ቀጥሎ ያለው ነው።

እህቴ የተወለደችው መስከረም 1 ቀን 1980 ነው፣ በእንቁጣጣሽ። መስከረም 1 በፈረንጅ ስንት ነው ቢባል እንኳን ትልቅ ሰው፣ ሕፃንም ሴፕቴምበር 11 ይላል። ፓስፖርቷ ሲወጣ እንደዚያው ተሞላ። አሜሪካም ገብታ፣ ተምራ፣ ዜጋ ሆና እስከ ዛሬ ልደቷ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1987 ነው። ተርጓሚው ግን ሴፕቴምበር 12 ብሎ ጻፈ።

ልጣላው ሄድኩ። ሰውየው ተረጋግቶ ካሌንደር አወጣና አሳየኝ። 1979 ዘመነ ሉቃስ ነበር። በሉቃስ ጳጉሜ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ ቀጣዩ እንቁጣጣሽ አንድ ቀን ይገፋና ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል። በ2016ም የሆነው ይኸው ነው። እውነቱን ነው! ጀርባውን ማየት የረሳው ሰውዬ ቀኑን በትክክል አሰላ፣ ትክክል በመሆኑም ፋይላችንን አሰናከለው። መንገድ ላይ ስቄ ሞትኩ፤ ከዚያ ደግሞ ማልቀስ አማረኝ።

ይህ የእንቁጣጣሽ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። ከዘመነ ሉቃስ ቀጥሎ ባለው ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት ሁለተኛ አጋማሽ የተወለደ ሁሉ ይህቺ አንድ ቀን አለችበት። የዓመቱም ነገር አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። በጥድፊያ 8 እየደመረ የሚጽፍ ሰው ሕፃን በአንድ ዓመት ያሳንሳል። እኛ እርስ በርሳችን እንግባባለን። አሜሪካ ጠረጴዛ ላይ ለተቀመጠው ሰው ግን ሁለት ቀን ማለት ሁለት ሰው ማለት ነው።

ስምም እንደዚሁ። እናቴ ፀሐይ ትባላለች። ፓስፖርቷ ላይ ስሟ በ«ዋይ» ያልቃል፣ በጋብቻው ትርጉም በ«አይ»። የልደቱ ትርጉም ላይ ደግሞ መነሻዋ «ቲ» ጠፍታለች። አንዲት እናቴ በወረቀት ሦስት ሴት ሆነች። አያቴ ገብረ ማርያም ናቸው። ተርጓሚው ለሁለት ከፈላቸው። ፎርሙ የመጨረሻ ስም ሲጠይቅ አባቴ «ማርያም» ሆኖ አረፈው። እናቴ የባሏን ስም ለምን አልወሰደችም የሚለውን ለማስረዳት ደግሞ ሌላ ገጽ ጻፍን፤ እኛ አገር ሴት ስትዳር ስሟን ይዛ እንደምትሄድ።

የተከበሩ ኃላፊ፣ አሁን የሚወጡት የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶች በአማርኛና በእንግሊዝኛ መሆናቸው ትልቅ እፎይታ ነው፣ ይህን ሳልመሰክር አላልፍም። የምለምነው ትንሽ ጨምሩበት ብዬ ነው። ባለጉዳዩ ፓስፖርት ካለው ስሙ በእንግሊዝኛ ከፓስፖርቱ ላይ ፊደል በፊደል ይገልበጥ። ከሌለው ጸሐፊው በመሰለው ከመጻፉ በፊት «በእንግሊዝኛ ስምህን እንዴት ነው የምትጽፈው?» ብሎ ይጠይቀው። ከመታተሙ በፊት ወረቀቱ በረቂቅ ይሰጠውና አንብቦ ይፈርምበት። ሁለት ደቂቃ ነው። ሁለት ደቂቃ ያጣች መስኮት ሰውን ስንት ወር እንደምታስጠብቅ እኔ ልንገርዎ።

ቀኑን በሚመለከት፣ የኢትዮጵያውና የፈረንጁ ጎን ለጎን ይጻፉ፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ በግልጽ ተለይቶ። ስሌቱን ኮምፒውተሩ ይሥራው፣ ጳጉሜ 6ን የሚያውቅ ኮምፒውተር። እንደ እህቴ ፓስፖርቱ ቀድሞ በስህተት ለወጣበት ሰው ደግሞ «መስከረም 1 ቀን 1980 ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 ጋር አንድ ነው» የምትል አንዲት የቢሮ ደብዳቤ ብትሰጡ ትልቅ ነገር ነው። ይህን የምታህል ወረቀት ፍለጋ ስንት በር እንዳንኳኳሁ አልነግርዎትም።

የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማስረጃ የያዙትም በአዲሱ የሚተኩበት መንገድ ቀለል ቢል ትርጉም ቤት መሄዱ ራሱ ይቀርላቸዋል።

እኛ መልሳችንን ልከናል። ዘመነ ሉቃስን በእንግሊዝኛ ያስረዳሁት እኔ ነኝ፣ አንድ ገጽ ተኩል ፈጀብኝ። ብቃት አለኝ ብዬም ፈርሜያለሁ። እናቴ ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር አውጥታ ግድግዳው ጋ አቁማዋለች፣ በርበሬውም ተፈጭቷል። ከቢሮዎ መልስ ቢመጣ ለእሷ የማነብላት እኔ ነኝና ቢቻል በትልልቁ ይጻፍልኝ፤ እሷም በመነጽሯ ታየው ዘንድ።

አክባሪዎ፣
ከአራት ኪሎ