ለአይካኦ፦ ጭሱን ከምንጩ ቁጠሩልን

ሞንትሪያል ለሚገኘው የዓለም አቀፍ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ በተለይ ለምክር ቤቱ አባላት

ክቡራን፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ብዙ አላዞርም። «ዜሮ ልቀት» እየተባለ የሚወራላቸውን የባትሪና የሃይድሮጂን አውሮፕላኖች ጭስ ከሞተሩ ሳይሆን ከምንጩ ቁጠሩልን። ጥያቄዬ ይኸው ነው።

ባትሪውን ላስቀድም። አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ 12 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ይይዛል። የዛሬው ሊቲየም ባትሪ ግን አውሮፕላን ላይ ሲገጠም በኪሎ 0.3 እንኳ አይሞላም። የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይል ብዙ ስለማያባክን ክፍተቱ ይጠባል፤ ጠቦም ግን 20 እጥፍ ገደማ ነው። ደግሞ ነዳጅ እየተቃጠለ ሲሄድ አውሮፕላኑ ይቀልለዋል፣ ባትሪ ግን ሞላም ባዶ ሆነም ክብደቱ ያው ነው፤ ሲነሳ የተሸከመውን ተሸክሞ ያርፋል። እ.ኤ.አ. በ2020 የአውሮፓው የበረራ ደህንነት ኤጀንሲ ፈቃድ የሰጠው ፒፒስትሬል ቬሊስ ኤሌክትሮ የተባለው የባትሪ አውሮፕላን ሁለት ሰው ይዞ ወደ 50 ደቂቃ ይበራል። ለማሠልጠኛ ቆንጆ ነው። ወደ ትልልቆቹ ስንመጣ ግን የእናንተው ደንብ ጄት አውሮፕላን ለ30 ደቂቃ የሚበቃ የመጨረሻ መጠባበቂያ ነዳጅ እንዲይዝ ያዛል፤ ያቺ 30 ደቂቃ ብቻዋን ለባትሪ ስንት ኪሎ እንደምትሆን አስቡት።

ሃይድሮጂን በሚዛን ጉደኛ ነው፤ አንድ ኪሎው 33 ኪሎዋት ሰዓት። ጣጣው ቦታ ነው። ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ቀዝቅዞ ፈሳሽ ከሆነ በኋላ እንኳ፣ ለተመሳሳይ ኃይል የጄት ነዳጅን ቦታ 4 እጥፍ ያህል ይፈልጋል። እንደ ነዳጅ ክንፍ ውስጥ አይቀዳም፤ ቅዝቃዜውን የሚጠብቅ ወፍራም ታንክ ያስፈልገዋል። ሶቪየቶች እ.ኤ.አ. በ1988 ቱ-155 የተባለውን የሙከራ አውሮፕላን በሃይድሮጂን ሲያበሩ ታንኩን ያስቀመጡት ከኋላ፣ መንገደኛ በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ያውም ከሦስቱ ሞተሮች አንዱን ብቻ ለማንቀሳቀስ! ኤርባስም እ.ኤ.አ. በ2035 አደርሳለሁ ያለውን የሃይድሮጂን አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2025 «ይዘገያል» አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አልፈርድበትም፣ ነገሩ ከባድ ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጂን አብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከጋዝ አንድ ኪሎ ሲወጣ 9 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አየር ላይ ይለቀቃል። ሞተሩ ላይ የሚታየው እንፋሎት ብቻ መሆኑ እውነት ነው፤ ጭሱ ግን ፋብሪካው ጋ ቀርቷል። ውሃን በኤሌክትሪክ ሰንጥቀን እናምርት ካልንም አንድ ኪሎ ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል፣ ማቀዝቀዣው ሳይጨመር። ባትሪም ቢሆን በከሰል መብራት ከተሞላ ንጹህ ነኝ ማለት አይችልም።

መቼም መቁጠር አያቅታችሁም። ኮርሲያ በምትሉት፣ የዓለም አቀፍ በረራዎችን የካርቦን ልቀት በምታካክሱበት አሠራር ከሰብል ለሚሠራ ነዳጅ ከእርሻው ጀምራችሁ ትቆጥራላችሁ። ለባትሪና ለሃይድሮጂንም ያው ሚዛን ይሁን፤ አንድ መንገደኛ አንድ ኪሎሜትር ሲሄድ ከምንጩ ጀምሮ ስንት እንደወጣ ይጻፍልን፣ ቲኬቱ ላይ ጭምር። የኔ ግምት ባትሪ ለአጭር መንገድ ያዋጣል፣ ሃይድሮጂን ለመካከለኛው ዕድል አለው፣ ውቅያኖስ ለሚያቋርጠው ግን ሁለቱም ገና ናቸው የሚል ነው። ተሳስቼ ከሆነ ቁጥሩን አውጡና አሳፍሩኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተሳፋሪ