ስለ አሠልጣኙ ይህን ያህል ከተወራ፣ ስለ ልጆቹስ?

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የአሜሪካ ፉትቦል ቡድን፣ የሀስኪስ ደጋፊ ነኝ። ሲያትል ከገባሁ ጀምሮ ሐምራዊውን ማሊያ ለብሻለሁ፤ ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር የሥራ ፈረቃዬን ከጓደኛዬ ጋር ተቀያይሬ ስታዲየም እገባለሁ፤ ካልቻልኩም በሬዲዮ እከታተላለሁ። ስለዚህ የምጽፍላችሁ ፉትቦል አያገባኝም ብዬ አይደለም። ባለፈው የውድድር ዓመት መጨረሻ ላይ የስፖርት ገጻችሁ «የሀስኪስ አሠልጣኝ ጄድ ፊሽ ይሄዳል፣ አይሄድም» በሚል ወሬ ሳምንት ከሳምንት ሲሞላ፣ አንድም ቀን ስለ ተጫዋቾቹ አንድ አንቀጽ አላነበብኩም። ይህ ስላሳዘነኝ ነው ብዕሬን ያነሳሁት። ቀኖቹን ሁሉ የጠቀስኩት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ወሬው ከየት እንደመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ፍሎሪዳ ኦክቶበር 2025 ላይ አሠልጣኙን ቢሊ ኔፒየርን ሲያሰናብት፣ ፊሽ የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ነውና ስሙ ተነሳ። ዲሴምበር 10 ደግሞ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን ሼሮን ሙርን አሰናበተ፤ ፊሽ በ2015 እና በ2016 እዚያ ረዳት አሠልጣኝ ስለነበር እንደገና ስሙ ተነሳ። አንዱ የተማረበት፣ አንዱ የሠራበት ቤት መሆኑ ብቻ ሰውየውን በሰው አፍ ሻንጣ አስይዞ አስወጣው። ቼሪ ጎዳና ላይ ካሉት ካፌዎቻችን በአንዱ ቡና ይዤ ስቀመጥ፣ አጠገቤ ያሉት ሰዎች የግል አውሮፕላን በረራ የሚያሳይ ካርታ በስልካቸው ከፍተው፣ ከፍሎሪዳ የተነሳች አንዲት አውሮፕላን ሲያትል ታርፍ እንደሆነ ይጠብቁ ነበር። በመጨረሻ ፍሎሪዳ ጆን ሰምራልን ከቱሌን ዩኒቨርሲቲ፣ ሚሺጋን ካይል ዊቲንግሃምን ከዩታ ወሰዱ። ፊሽ ከሲያትል አልወጣም።

ፍርሃቱ ግን ከመሬት የተነሳ አይደለም። ከፊሽ በፊት የነበረው አሠልጣኛችን ካለን ዲቦር ሲመጣ የተረከበው በ2021 4 አሸንፎ 8 የተሸነፈ ቡድን ነበር። በ2 ዓመት ውስጥ 25 ጨዋታ አሸንፎ 3 ብቻ ተሸነፈ። በ2023 መጨረሻ ኦሪገንን 34 ለ 31፣ በአዲሱ ዓመት ዕለት ቴክሳስን 37 ለ 31 አሸንፈን ለብሔራዊ ፍጻሜ ደረስን። ጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ሂውስተን ላይ በሚሺጋን 34 ለ 13 ተሸነፍን። ሐዘኑ ሳይበርድ፣ ጃንዋሪ 10 የአላባማው ኒክ ሴባን ጡረታ መውጣቱን አስታወቀ፤ ጃንዋሪ 12 ዲቦር የአላባማ አሠልጣኝ ሆነ። ከፍጻሜው ጨዋታ እስከ ስንብቱ 4 ቀን። የውል ማፍረሻው 12 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አላባማን ለሚያህል ዩኒቨርሲቲ ይህ እንቅፋት የሚሆን ገንዘብ አይደለም። እሱን እንዲያቆይ የተጠበቀው የስፖርት ዳይሬክተራችን ትሮይ ዳነንም ከመጣ ብዙ ሳይቆይ፣ በማርች ወር ወደ ነብራስካ ሄደ። ያንን ክረምት ያሳለፈ ደጋፊ በየዲሴምበሩ ቢሰጋ አልፈርድበትም።

ነገር ግን በዚያው ሳምንት የሆነውን ሌላውን ግማሽ ሰው አያነሳም። ዲቦር በሄደ በ2ኛው ቀን እኛ ፊሽን ከአሪዞና ወሰድን። ፊሽ የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ ባለባት በቱሳን ከተማ በመጀመሪያው ዓመት 1 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ 11 የተሸነፈ፣ በ3ኛው ዓመት ግን 10 አሸንፎ 3 የተሸነፈ ቡድን የሠራ ሰው ነው። የዚያ ከተማ ሕዝብ ዕዳውን ከፍሎ ምርቱን ሊበላ ሲል እኛ ደርሰን አነሳንበት። አሪዞና ደግሞ ብሬንት ብሬናንን ከሳን ሆዜ ስቴት ወሰደ፤ ሳን ሆዜም ወደ ፍለጋ ገባ። አንድ ሰው አላባማ ውስጥ ጡረታ ቢወጣ፣ ሳምንት ሳይሞላ 3 ዩኒቨርሲቲዎች አሠልጣኝ አልባ ሆነው ነበር። አሪዞና በሚቀጥለው ዓመት 4 አሸንፎ 8 ተሸነፈ። ዲቦርን «ከሃዲ» ያልነው እኛው ፊሽን በጭብጨባ ተቀበልን። የቱሳን ልጅ የደረሰበት የሲያትል ልጅ ከደረሰበት በምን ይለያል?

የምር የሚጎዱት እነዚህ ልጆች ናቸው። በዚያ ዓመት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚፈርሙበት ጊዜ የተከፈተው ዲሴምበር 20 ቀን 2023 ነበር። ዲቦርን አምነው የፈረሙ የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች ወር ሳይሞላቸው ሌላ አሠልጣኝ ተሾመላቸው። በጊዜው በነበረው ደንብ አሠልጣኝ ሲለቅ ለተጫዋቾቹ የ30 ቀን የዝውውር መስኮት ይከፈት ነበር፤ ፓርከር ብሬልስፎርድ፣ ጀርሚ በርናርድ፣ ኦስተን ማክ ወደ አላባማ ተከትለውት ሄዱ። ከአሪዞናም ጆናህ ኮልማንን የመሰሉ ተጫዋቾች ፊሽን ተከትለው ወደ እኛ መጡ። እነዚህ ስማቸው የሚጠራ፣ የሚፈለጉ ልጆች ናቸው። አዲሱ አሠልጣኝ የማይፈልገው፣ የቀድሞውም «ና ተከተለኝ» ያላለው ልጅ ግን ብዙ ነው፤ ስለ እሱ የሚጽፍ የለም።

ከእነዚህ አንዱ የእህቴ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲውን አልጠራም፤ ዛሬ ማንንም መክሰስ አልፈልግም። መልማዩ አሠልጣኝ ቤታቸው ሲመጣ እኔም ነበርኩ። በር ላይ ጫማውን አወለቀ፤ እህቴ ያቀረበችውን ዶሮ ወጥ በእጁ በላ፤ ቡናውንም እስከ በረካው ድረስ ቁጭ ብሎ ጠጣ። ከዚያ ከቦርሳው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ረከቦቱ አጠገብ ዘረጋው። በየቦታው የሚሰለፉት ተጫዋቾች ስም በተራ የተጻፈበት ነው። በቀኝ መስመር ተከላካይ ላይ ከአንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ስም በታች በእርሳስ የእህቴን ልጅ ስም ጻፈና «በሚቀጥለው ዓመት እዚህ ላይ ነው» አላት። እህቴ እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ባይገባትም የልጇን ስም በሰውየው እጅ ተጽፎ አየች። ወረቀቱን ትቶላት ሄደ፤ እሷም ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው።

ልጁ ፈረመ። ዶርም ሳይገባ ዋናው አሠልጣኝ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ መልማዩም አብሮት ተጓዘ። ልጁ ይህን የሰማው ከማንም ኃላፊ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ጓደኛው በስልክ አሳየው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ሁሉ ወሬው በየቴሌግራሙ ሲዞር፣ እናቱ በየማታው እየደወለች «እውነት ነው እንዴ? ምን እናድርግ?» ትለኝ ነበር። የሚነገራት ነገር አልነበረም። ወሬው የሚለው ሰውየው ሊሄድ እንደሚችል ብቻ ነው፤ ቢሄድ የልጇ ስኮላርሺፕ ምን እንደሚሆን፣ ማንን እንደምትጠይቅ፣ እስከ መቼ መወሰን እንዳለባቸው አንድም ቦታ አልተጻፈም። አዲሱ አሠልጣኝ በጨዋነት አነጋገረው፤ ቦታ እንደሌለው ግን አልደበቀውም። ልጁ አንድ ዓመት ሳይሰለፍ ቆይቶ ወደ ትንሽ ኮሌጅ ተዛወረ፤ ከወሰዳቸው ኮርሶች ከፊሎቹ አልተቆጠሩለትም። አሁን እነሱን እየደገመ ነው።

አሠልጣኞቹ ለምን እውነቱን ቀድመው አይናገሩም ለሚል ሰው መልሱ ከባድ አይደለም። መናገር የማይችሉበት ሥርዓት ነው። ሴባን ዲሴምበር 2006 የማያሚ ዶልፊንስ አሠልጣኝ ሳለ አላባማ እንደማይሄድ በጋዜጠኞች ፊት አስረግጦ ተናገረ፤ ጃንዋሪ 3 ቀን 2007 አላባማ ሾመው። ዛሬ ልጆቹ የሚፈርሙት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፤ አሠልጣኝ የሚቀጠረውና የሚባረረውም በዚያው ሰሞን ነው። «ልሄድ እችላለሁ» ያለ አሠልጣኝ በዚያው ቀን ምልምሎቹን ያጣል። «አልሄድም» ያለም ነገ የተሻለ ጥያቄ ሲመጣለት ይሄዳል። ወኪሎች ደግሞ ስሙ በተነሳ ቁጥር ደመወዝ ለማስጨመር ይጠቀሙበታል። ስለዚህ «ይሄዳል ወይ?» ብሎ ሰውየውን መጠየቅ መልስ አያስገኝም።

ለመሄድም ቢሆን ግን መንገድ አለው። ባለፈው ዓመት ሌን ኪፈን 11 ጨዋታ አሸንፎ 1 ብቻ የተሸነፈውን የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ኦል ሚስን፣ የጥሎ ማለፉ ውድድር ሊጀመር ሲል ትቶ ኖቬምበር 30 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ (ኤልኤስዩ) ሄደ። ቡድኑን ፒት ጎልዲንግ ተረከበ። ሰምራል ፍሎሪዳን ተቀብሎም ቢሆን ቱሌንን በጥሎ ማለፉ እስከ መጨረሻ ጨዋታው አሠለጠነ። ሁለቱ ቡድኖች ዲሴምበር 20 እርስ በርስ ተገናኙና ኦል ሚስ 41 ለ 10 አሸነፈ። ውጤቱን አይቶ የተሸናፊውን ቡድን ልጆች ዕድለ ቢስ የሚል ይኖራል። እኔ ግን አሠልጣኛቸው ሌላ ቦታ ሥራ ይዞ ሳለ አጠገባቸው ቆሞላቸዋልና እነሱን ነው ያከበርኩት።

ከ2025 ወዲህ ነገሩ ለወላጅ ይበልጥ ከብዷል። በጁን ወር ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ እንዲከፍሉ ተፈቅዷል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው በአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነው። ልጆቹ ገንዘብ ማግኘታቸው ያስደስተኛል፤ ላባቸው ነው። ግን ገንዘቡ ከውል ጋር ይመጣል። የእኛው ኳርተርባክ፣ ማለትም የቡድኑን ማጥቃት የሚመራው ተጫዋች፣ ዴመንድ ዊሊያምስ መጀመሪያ የፈረመው ለአሪዞና ነበር፤ ፊሽን ተከትሎ መጣ። በዚህ ዓመት ጃንዋሪ ላይ ለ2026 ከፈረመ በኋላ ልሄድ ነው ብሎ አስታወቀ፤ ዩኒቨርሲቲው ውሉ ይከበር አለ፤ ልጁም በቀናት ውስጥ እቆያለሁ ብሎ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲው ተሳስቷል አልልም። ነገር ግን አሠልጣኝ ውሉን ሲያፈርስ ክፍያውን በተለምዶ አዲሱ ቀጣሪው ይሸፍንለታል። ለአንድ የ18 ዓመት ልጅ ማን ይሸፍንለታል? ይህን ጥያቄ ከፊርማ በፊት እንጂ ከፊርማ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ልጆቻቸው ለሚመለመሉ ወገኖቼ የምለው ይህ ነው። አሠልጣኙ እንደሚሄድ ቁጠሩት፤ ካልሄደ እሰየው። ስኮላርሺፑን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነውና ለአንድ ዓመት ነው ወይስ እስከ ምረቃ ድረስ ብላችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። የክፍያ ውል ካለ፣ አሠልጣኙ ቢለቅ ልጁ ያለ ቅጣት መውጣት ይችል እንደሆነ ጠበቃ ያንብበው። ልጁ ሊማር የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ እዚያ መኖሩን፣ ጉልበቱ ቢጎዳና ዳግም ባይጫወት እዚያው መማር ይፈልግ እንደሆነ ከራሱ አፍ ስሙ። የአሠልጣኙንም ውል ጠይቁ። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የመንግሥት ተቋም ነው፤ የፊሽ የ7 ዓመት ውል፣ በአማካይ በዓመት 7.75 ሚሊዮን ዶላር መሆኑን ያወቅነው የሕዝብ መረጃ ስለሆነ ነው። የማፍረሻው ክፍያም እዚያው ውል ላይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ አሠልጣኝ መሄድ የሚረክስበት ዓመት መቼ እንደሆነ ከአውሮፕላን ካርታ ይልቅ ይህ ወረቀት ይነግራችኋል።

አቶ አዘጋጅ፣ እናንተን የምለምነው በዚህ ረገድ ነው። የእንግሊዝኛው መገናኛ ብዙኃን «ምንጮች እንዳሉት» የሚለውን ተርጉማችሁ ማውጣታችሁን አቁሙ አልልም፤ ደጋፊ ነኝና እኔም አነበዋለሁ። ነገር ግን በሬንተን፣ በኬንት፣ በሬኒየር ቫሊ የሚኖሩ፣ እንግሊዝኛ ሰነድ ማንበብ የሚከብዳቸው ወላጆች የሚተማመኑት በእናንተ አማርኛ ነው። ከእያንዳንዱ የወሬ ዜና ጎን አንድ ሳጥን አስቀምጡ፦ አሠልጣኙ ቢሄድ የዝውውር መስኮቱ መቼ ይከፈታል፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ ወላጅ የሚደውለው የትኛው ቢሮ ነው። ደንቡ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ የዘንድሮውን አጣርታችሁ ጻፉ። በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ውስጥ የደንብ ጉዳይ የሚከታተሉ ሠራተኞች አሉ፤ ከእነሱ አንዱን ጋብዛችሁ በአማርኛ አስተርጓሚ የወላጆችን ጥያቄ እንዲመልስ አድርጉ። ቀጣዩ የፊርማ ወቅት ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ይህ ሥራ ከሴፕቴምበር ቢጀመር ይደርሳል። እህቴ የእሷንና የልጇን ታሪክ ስማቸው ሳይጠቀስ ለአዘጋጆቻችሁ ለመንገር ፈቃደኛ ናት፤ ከፈለጋችሁ አገናኛችኋለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሲያትል