ሻንጣ አትዘሉ፣ ከመቀመጫው ኋላ ስቀሉት

ለዝግጅት ክፍሉ፣ እንደምን ሰነበታችሁ።

ይህን የምጽፈው ከደሴ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ኮምቦልቻ በብስክሌት ለሚወጡ ወጣቶች ነው። አብዛኞቹ ሻንጣቸውን ጀርባቸው ላይ አዝለው ነው የሚሄዱት። እባካችሁ ተዉት! ላቡ ሳይነሳ፣ ወገብ ይቆርጣል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ ትከሻ ላይ ሲወዛወዝ ሚዛን ያስታል። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ይህ ሁሉ ልዩነት በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ተወርዶ ያልቃል።

የሚያዋጣው ከመቀመጫው ኋላ በአግድም የሚንጠለጠል ትልቅ ቦርሳ ነው። እንግሊዝ አገር ካራዳይስ የሚባል ድርጅት ከ1930ዎቹ ጀምሮ (እንደ ፈረንጆቹ) ከሰም ከጠጣ የጥጥ ሸራ ይሰፋዋል። ካምፐር ሎንግፍላፕ የሚሉት 24 ሊትር ይይዛል፤ ቅያሪ ልብስ፣ የዝናብ ካፖርት፣ መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ መንፊያና ስንቅ ይበቃዋል። ክዳኑ ረጅም ስለሆነ ዕቃው ሲበዛ ተዘርግቶ ይሸፍነዋል። ጥጡ ሲረጥብ ያብጥና ስፌቱ ይጠብቃል፣ ለክረምት ደግ ነው።

ግን ትልቅ ስለሆነ ብቻ አትግዙ። መጀመሪያ ከመቀመጫው እስከ ኋላ ጎማው ያለውን ክፍተት ለኩ። ቁመቱ አጠር ያለ ሰው መቀመጫውን ዝቅ ስለሚያደርግ ቦርሳው ሲሞላ ጎማውን ይነካል፣ ያኔ ከሥሩ መጫኛ ብረት የግድ ነው። ሌላው የማይታሰበው ነገር ጭን ነው፤ ፔዳል ስትመቱ ቦርሳው ጭናችሁን ከኋላ ከነካ ዳገቱን ሙሉ ሲያናድዳችሁ ይውላል። ብዙዎቹ የእኛ መቀመጫዎች የቦርሳ ማንጠልጠያ ስለሌላቸው ሁለቱን የቦርሳውን ቀበቶዎች ከመቀመጫው ሥር ባሉት ሁለት ብረቶች አዙሯቸው፣ ሦስተኛውን ቀበቶ ከመቀመጫው ዘንግ ጋር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ከባድ ዕቃ ወደ ታችና ወደ መቀመጫው ይጠጋ።

ቦርሳው የኋላ መብራታችሁን እንዳይሸፍን ደግሞ አደራ፤ ከጅቡቲ የሚመጡ ከባድ መኪኖችም በኮምቦልቻ በኩል ያልፋሉ።

ከውጭ ማስመጣት ውድ ነው። እዚሁ የጭነት መኪና ሸራ የሚሰፉ ባለሙያዎች አሉን፣ ልኩንና ሥዕሉን ይዞ ለሄደ ሰው ይሰፉለታል ብዬ አምናለሁ። በላይኛው ጠርዝ ውስጥ፣ ቀበቶዎቹ በሚያልፉበት በኩል፣ የእንጨት ዘንግ እንዲያስገቡበት ንገሯቸው፤ ክብደቱን እሱ ነው የሚይዘው፣ ያለ እሱ ሸራው ይጎብጣል።

የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከደሴ