እማዬ፣ ይቺን ደብዳቤ ራስሽ አንብቢያት

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። አዲስ አበባ ብርዱ ገብቷል። እናንተ ጋም ማለዳው እንደሚብስ አውቃለሁ፤ በነጠላ ብቻ ደጅ እንዳትወጪ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክማ የምናወራው ሁሌ አንድ ነው። «ደህና ነኝ» ትያለሽ። ሳሉ ይይዝሻል። እትዬ ስልኩን ትቀበልሽና «ደክሟት ነው፣ በኋላ ደውል» ትለኛለች። በኋላ ስደውል ተኝተሻል። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ፊደሉንም አተለቅኩት። እትዬ እንድታነብልሽ አልፈልግም። የሚከፋሽ የመሰላትን እየዘለለች ነው የምታነበው። በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠርሽው ፊደል ዳዊት ካስደገመሽ የእኔ ጽሑፍ አያቅትሽም። ሲደክምሽ አስቀምጪውና ነገ ቀጥዪ።

መጀመሪያ የልጆቹን ወሬ። ትልቋ ዘንድሮ ሚኒስትሪ ትፈተናለች። አጠናለሁ እያለች ስልክ ስትነካካ ታመሻለች። ትንሹ የፊት ጥርሱ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልወረወርኩ ብሎ አለቀሰ። የኮንዶሚኒየም ጣሪያ ማን ይደርስበታል? ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ወደ ታች ለቀቀውና የጥበቃው ኮፍያ ላይ አረፈ። «ለአያቴ ንገሯት» ብሏል፤ ነገርኩሽ። ባለቤቴ በሶ እያዘጋጀችልሽ ነው፤ ሰው ሲገኝ በአውሮፕላን እንልካለን። የልጆቹን ወሬ ብቻ ጽፌ ብዘጋው ይቀለኝ ነበር።

ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ከወጣሽ በኋላ አንድም ቀን ስለዚያ አውርተን አናውቅም። ቤታችን ውስጥ ስሙም አይነሳ። የሰማሁትን ሁሉ ከእትዬና ከማሙሽ ለቃቅሜ ነው። ሐኪሙ እትዬን ኮሪደር ላይ ጠርቶ «ሳንባዋ አልቋል፤ ማሽን ላይ ብናደርጋትም የምትወጣ አይመስለኝም፤ ከፈለጋችሁ ወደ ቤት ውሰዷት» አላት። ጎረቤቱም «ኦክስጅን ከተደረገላት አበቃላት» እያለ ነጠላውን ሊያዘቀዝቅ ምንም አልቀረውም። እምቢ ያለው ማሙሽ ነው። ከዚያ አንቺ ወጣሽ! ቱቦው ከጉሮሮሽ ተነቅሎ ድምፅሽ ሲመለስ መጀመሪያ የጠየቅሽው «ዶሮዎቹን ማን እያበላቸው ነው?» ብለሽ ነው አሉ።

አንድ ጓደኛዬ እዚህ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ነርስ ነው። ያንቺን ነገር ሳጫውተው ስለ አንድ ጥናት ነገረኝና ፈልጌ አነበብኩት። የተጠናው እንግሊዝ አገር ነው። ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ወይም አስም ኖሮባቸው እንደ አንቺ ክፉኛ ታመው የገቡ 832 ሰዎችን ተከታተሉ። ገና ሲገቡ ሐኪሞቹን «ይሄ ሰው ከ180 ቀን በኋላ በሕይወት ይኖራል?» ብለው ጠየቋቸው። የሐኪሞቹ ግምት ሲደማመር ከመቶ 49ኙ ይተርፋሉ የሚል ሆነ። የተረፉት ግን ከመቶ 62 ናቸው። ሐኪሞቹ ከሁሉ ይበልጥ ተስፋ የቆረጡባቸውን አንድ አምስተኛዎቹን ደግሞ ለብቻ አዩ። ከእነዚህ ከመቶ 10 ቢተርፉ ነው ተብሎ ነበር፤ 40 ተረፉ። በፈረንጆቹ 2007 ነው የታተመው። ያንቺ ሐኪም ብቻውን አልተሳሳተም ማለት ነው። በሽተኛ ፊቱ ሲያጣጥር የሚያይ ሐኪም ስድስት ወር አሻግሮ ማየት ይከብደዋል መሰለኝ።

እንግሊዝና ጎንደር አንድ አይደሉም፤ ይሄን አውቃለሁ። አልጋውም፣ ማሽኑም፣ የነርሶቹም ቁጥር አይገናኝም። ቢሆንም አንቺ ወጥተሻል።

ይሄ ደስ የሚለው ነው። ሌላውንም እነግርሻለሁ፤ ካንቺ እውነቱን እየጠየቅኩ ግማሹን አልደብቅም። አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1996 የታተመ ሌላ ጥናት አለ። በዚሁ በሽታ ትንፋሻቸው ታፍኖ፣ የተቃጠለው አየር ደማቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ሆስፒታል የገቡ 1,016 ሰዎች ነበሩ። ከመቶ 89ኙ ከሆስፒታል በሕይወት ወጡ። ሁለት ዓመት ሲሞላ ግን ከገቡት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አልነበሩም። ጥናቱ የቆየ ነው። ቢሆንም ከዚያ ክፍል መውጣት ከበሽታው መውጣት እንዳልሆነ ይነግረናል። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

እንዲህ ያለ ነገር ለእናት ይጻፋል ወይ ትያለሽ። እኔ ግን የተደበቀ ነገር ምን እንደሚያደርግ አይቻለሁ።

አባባን ነው የምልሽ። «አባባ ትንሽ አሞታልና ና» አላችሁኝ። በአውቶቡስ ተነሳሁ። ባሕር ዳር ላይ ብርቱካን ገዛሁለት፤ ለታመመ ሰው ባዶ እጅ አይገባም ብዬ። ከባጃጁ ወርጄ ጥጉን ስታጠፍ ድንኳኑን አየሁት። ሴቶቹ እኔን ሲያዩ ጩኸታቸውን አቀለጡት። ብርቱካኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ተቀብሮ ነበር። አንቺ አቅፈሽ «መንገድ ላይ እንዳትደነግጥብን ብለን ነው» አልሽኝ። መርዶ እንዴት እንደሚረዳ አውቃለሁ፤ ወግ ነው፤ እኔም ለሰው ስረዳ ኖሬያለሁ። እኔን ያሳመመኝ መርዶው አይደለም። አባባ ወራት ሙሉ ተኝቶ ነበር። በየሳምንቱ እደውል ነበር፤ በየሳምንቱ «እርሻ ወርዷል»፣ «ለቅሶ ሄዷል» ትሉኝ ነበር። «ልጄ የት ደረሰ?» ይል እንደነበር የሰማሁት ከአክስቴ ነው፤ ያውም በተዝካሩ ቀን፣ ጠላ እየቀዳችልኝ። ሥራዬን ትቼ እመጣ ነበር፣ እማዬ። አጠገቡ እቀመጥ ነበር። እንዳልደነግጥ ብላችሁ አሳጣችሁኝ።

ይሄን ለዓመታት አልተናገርኩም። ያንቺ ጊዜም ያው ሊደገም ነበር። «ብርድ መቷት ነው» አለችኝ እትዬ፤ አንቺ ማሽን ላይ ነበርሽ። ማሙሽ ሽንት ቤት ገብቶ ተደብቆ ባይደውልልኝ ኖሮ ሁለተኛ ድንኳን ይጠብቀኝ ነበር።

ስለ ጭሱም ዝም ብዬ አላልፍም። ሲጋራ አፍሽ ገብቶ አያውቅም። ሐኪሙ «ታጨስ ነበር?» ሲል ማሙሽ ሳቁ መጣ አሉ። ግን ያቺ ማድ ቤት መስኮት የላትም። ኩበቱ፣ ጭራሮው፣ የባሕር ዛፉ ቅጠል። አረቄ ስታወጪ ሌሊቱን ጭስ ውስጥ ነበር የምታድሪው። እኔ የተማርኩት በዚያ አረቄ ነው፤ ውለታሽን አልረሳም። ግን የኤሌክትሪክ ምጣድ ልኬልሽ «እንጀራው ዓይን አያወጣም» ብለሽ ለዶሮዎቹ መስፈሪያ አደረግሽው! አሁን እትዬ ትጋግርበት። ዓይን ባያወጣም እንበላዋለን።

ኅዳር 12ም እየመጣ ነው። ሰፈሩ ቆሻሻ ካቃጠለ በርና መስኮቱን ዝጉ፤ አንቺም ውስጠኛው ክፍል ቆዪ። የ1911ዱ የኅዳር በሽታ ጊዜ የተጀመረ ልማድ ነው፤ በሽታ ለማባረር ተብሎ። ያንቺ ሳንባ ግን አይችለውም።

እትዬ የነገረችኝ ሌላ ነገር አለ፤ አንቺ እንዳፈርሽበት ገብቶኛል። እዚያ ክፍል ሳለሽ አያቴን አልጋው ግርጌ ቆማ አየሻት። ነርሶቹ ሊመርዙኝ ነው ብለሽም ጮኸሻል። እማዬ፣ አላበድሽም፤ ምንም አልያዘሽም። ጓደኛዬ እንደሚለው እንዲህ ያለው ነገር እዚያ የሚተኛ ብዙ ሰው ላይ ይደርሳል። በሽታው፣ ማደንዘዣው፣ እንቅልፍ ማጣቱ ተደምሮ አእምሮን ያምታታል። ከወጡም በኋላ ቅዠቱና መርሳቱ የሚቆይባቸው አሉ። ሌሊት የሚያባንንሽ እሱ ከሆነ ለማሙሽ ንገሪው፤ ለብቻሽ አትያዢው። እግርሽ የከዳሽም ለዚሁ ነው። እንዲያ ታሞ አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጡንቻው ቶሎ ይሟሽሻል። የሚመለሰው ደግሞ በመንቀሳቀስ ነው። ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ ግቢው ሾላ፣ ቀስ እያልሽ። ሲያጥርሽ ቁሚ፤ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ከንፈርሽን አሹለሽ ቀስ ብለሽ አውጪው። ወደ መንገዱ የሚያወጣውን ዳገት ግን ለጊዜው እርሺው። ሥላሴ መሳለም ካማረሽ ማሙሽ በባጃጅ ይውሰድሽ። የጥምቀቱን ነገር ጥር ሲደርስ እናያለን።

ጾሙ ሊገባ ነው። የንስሐ አባትሽን በስልክ አነጋግሬያቸዋለሁ። «ለታመመ ሰው ፈቃድ አለው፣ እኔ መጥቼ እነግራታለሁ» ብለዋል። የሟሸሸ ሰውነት እንቁላልና ወተት ይፈልጋል። አትቆጪኝ። ጠበሉንም ጠጪ፤ የሚሳበውን መድኃኒት ግን አታቋርጪ።

አሁን ወደ ፈራሁት ነገር።

እትዬ «ሁለተኛ እናቴን ለዚያ ቱቦ አልሰጥም» ትላለች። ማሙሽ «አሥር ጊዜም ቢሆን እወስዳታለሁ» ይላል። በዚህ ተጣልተዋል፤ አንቺ ፊት ነው የሚስቁት። ሁለቱም ግን አንቺን አልጠየቁሽም። በእንግሊዙ ጥናት የተረፉትን ጠይቀዋቸው ነበር፤ በፈረንጆቹ 2009 ላይ ነው የወጣው። ከመቶ 96ቱ «ቢደገም እንዲሁ እታከማለሁ» አሉ። ከመቶ 73ቱ ኑሯቸው ከዚያ በፊት ደህና ከነበሩበት ጊዜ ጋር እኩል ወይም የተሻለ እንደሆነ ተናገሩ። አንቺ ከ96ቱ ትሁኚ ከአራቱ እኔ አላውቅም። ሁለቱም መልስ መልስ ነው። በመካከልም መንገድ አለ፤ ቱቦ ሳይገባ በጭንብል አየር እየገፋ የሚያግዝ ማሽን። ካለ፣ ላንቺ ዓይነቱ በሽታ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሞከረው እሱ ነው። «ጭንብሉ ይሁን፣ ቱቦው ይቅር» ማለትም ትችያለሽ። «ሁሉንም አድርጉልኝ» ማለትም ትችያለሽ። «በቤቴ ተዉኝ» ካልሽም... ይሄን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ካልሽ እሰማሻለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ እደውላለሁ። እትዬ ስልኩን ሰጥታሽ ትውጣ። ማውራት ካደከመሽ በዚሁ ወረቀት ጀርባ ጻፊው፤ ማሙሽ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል። የምትወስኚውን ለሁለቱም የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ አንቺ አትጨቃጨቂ።

ልጅሽ

ይድረስ ለማሙሽ፦ ኦክስጅኑ በተከፈተበት ክፍል ጧፍ፣ ከሰል፣ ዕጣን እንዳይገባ፤ እሳት ያቀጣጥላል። ቡናው ደጅ ይፈላ። ጣቷ ላይ የምትሰኩት ነገር 90 አለ ብላ እትዬ ኦክስጅኑን ከፍ እንዳታደርገው። ሐኪሙ ለእማዬ ከ88 እስከ 92 ይበቃል ብሏል፤ ሲበዛባት የተቃጠለው አየር ተጠራቅሞ ያስተኛታል። መብራት ሲጠፋ የሚተካው ሲሊንደር መሙላቱንም ዛሬውኑ እይልኝ።