ሥልጠናው ጀልባ ተሳፍሮ ይምጣ

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

እንደምን ሰነበታችሁ? የምጽፈው ከወሎዋ ሐይቅ ከተማ ነው። ስለ አነስተኛ ንግድ ሥልጠና ሲወራ ደሴት ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይረሳሉ። ጣና ላይ ደቅ አለ፣ ዝዋይ ላይ ቱሉ ጉዶ አለ። ሰዉ ያርሳል፣ ዓሣ ያሠግራል፣ ይሸምናል፤ ግን ሸቀጡም የሚገባው ምርቱም የሚወጣው በጀልባ ስለሆነ ለከተማ ባለሱቅ የተዘጋጀ ትምህርት እነሱ ጋ ብዙ አይሠራም። የጀልባው ኪራይ ዋጋው ውስጥ እንዴት ይገባል? ሥልጠና የምትሰጡ ሰዎች፣ መጀመሪያ ይሄን አስተምሯቸው።

የኛ የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፣ አሁን ከየብሱ ጋር ተያይዟል። የሐይቃችን አሥጋሪ ችግር ግን ከደሴቱ ሰው ብዙም አይለይም። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ እዚህ ሐይቅ የተለቀቀው በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው፣ ይኸው ስንቱ እንጀራውን ይበላበታል። ታዲያ በረዶ የሌለው አሥጋሪ ዓሣው ሳይበላሽበት ለመሸጥ ሲል ገዢው በጠራው ዋጋ ይለቃል፤ እንዲህ ያለውን ሰው ስለ ትርፍ ብታስተምሩት ምን ያደርግለታል? ከሥልጠናው ጋር የጋራ ማቀዝቀዣና መነሻ ብድር ይምጣለት።

ደግሞ እባካችሁ በገበያ ቀን አትጥሩ። ዓሣ ጠብሰው የሚሸጡ እናቶች ያን ቀን ሥራቸውን ጥለው አይመጡም። የሂሳብ አያያዙንም በእቁባቸው አስረዷቸው፣ እሱን አሳምረው ያውቁታል። አሠልጣኙም ከወራት በኋላ ተመልሶ ደብተራቸውን ይይላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከሐይቅ፣ ወሎ