«አልተገኘም» የሚል ወረቀት ዓሣውን ንጹሕ አያደርገውም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ትተን፣ ጾም ሲገባ በጎንደር ዓሣ ፈላጊው እንደሚበዛ ገበያው ይመሰክራል። ከጎርጎራ የሚመጣው አልበቃ ሲል ኩሬ ቆፍሮ ቀረሶ ማርባት ለወጣቶች ይመከራል፤ ምክሩም ደግ ነው። ይሁንና እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ የሚባሉት መርዛማ ብረቶች ነገር የተነሣ እንደሆነ ክርክሩ ወዲያው ሁለት ጫፍ ይይዛል። አንዱ «የኩሬ ዓሣ መርዝ ነው» ይላል፤ ሌላው «አስመርምረናል፣ አልተገኘም» የሚል ወረቀት ያወጣል። በዓሣ እርባታና በምግብ ምርመራ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቁጥሩ ከመታተሙ በፊት እንዴት እንደተገኘ ይጠየቅ።

እርሳስን እንውሰድ። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ በኮዴክስም ሆነ በአውሮፓ ኅብረት ደንብ በዓሣ ሥጋ ውስጥ የሚፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም ነው። ላቦራቶሪው 1 ግራም ሥጋ በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ በተጣራ ውኃ 50 ሚሊ ሊትር ቢያደርሰው፣ ልክ ገደቡ ላይ ያለ ዓሣ በዚያ ፈሳሽ ውስጥ የሚተወው በሊትር 0.006 ሚሊ ግራም እርሳስ ብቻ ነው። በነበልባል የሚሠራው የተለመደው የብረት መለኪያ፣ የአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ደግሞ እርሳስን መለየት የሚጀምረው በሊትር ከ0.01 ሚሊ ግራም ገደማ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ስለዚህ ገደቡን ያለፈ ዓሣ ሳይቀር «አልተገኘም» ተብሎ ሊወጣ ይችላል። ለእርሳስና ለካድሚየም እጅግ ጥቂቱን የሚለይ፣ የግራፋይት ምድጃ ያለው ወይም አይሲፒ-ኤምኤስ የሚባለው መሣሪያ ያስፈልጋል። ሜርኩሪ ሲሞቅ ስለሚተን በቀዝቃዛ ትነት ዘዴ ለብቻው ይለካል። መሣሪያው ማየት የሚችለው ዝቅተኛ መጠን ያልተጻፈበት ወረቀት ማኅተም ቢኖረውም ምንም አይነግረንም።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ። ብዙ ተመራማሪ ሥጋውን አድርቆና ፈጭቶ ይመዝናል፤ ገደቡ የተጻፈው ግን ለእርጥብ ሥጋ ነው። ከዓሣ ሥጋ ውስጥ 80 በመቶ የሚጠጋው ውኃ ስለሆነ፣ በደረቁ በኪሎ 1.0 ሚሊ ግራም የተነበበ እርሳስ ወደ እርጥብ ሲመለስ 0.2 አካባቢ፣ ማለትም ከገደብ በታች ይሆናል። ይህን ሳይመልሱ «ከገደብ ሦስት እጥፍ» ብሎ መጻፍ የአርቢውን ገበያ በአንድ ቀን ይዘጋዋል።

ናሙናውም ከመነሻው ይበላሻል። በአንድ ዓሣ ስለ ኩሬው መናገር አይቻልም፤ መጠናቸው የተቀራረበ ቢያንስ 5፣ ቢቻል 10 ይያዙ። ቆዳው ተገፎ ከጀርባ ክንፉ ሥር ያለው ነጭ ሥጋ ብቻ ይቆረጣል። ቢላዋው አንጀቱን ከነካ፣ ዓሣው የቃመው ጭቃ ሥጋውን ይለቀልቀውና የሚነበበው የደለሉ እርሳስ ይሆናል። ጠርሙሱ በ10 በመቶ ናይትሪክ አሲድ ተዘፍዝፎ ማደር አለበት። ዓሣ የሌለበት፣ አሲዱ ብቻ ያለበት ባዶ ናሙና አብሮ ካልተሠራ ደግሞ እርሳሱ ከዓሣው ይምጣ ከዕቃው መለየት አይቻልም።

ጉዳቱ እንደ ብረቱ ይለያያል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ደሙ የሚያስገባው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የሚታወቅ መጠን የለም ይላል። ካድሚየም ኩላሊት ውስጥ ገብቶ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይቀመጣል። ባክቴሪያ ከሜርኩሪ የሚሠራው፣ በዓሣ ሥጋ የሚጠራቀመው የሜቲል ሜርኩሪ ዋነኛ ተጎጂ ፅንስ ነው፤ በጃፓን ሚናማታ እ.ኤ.አ. በ1956 የታወቀው በሽታ የመጣው ከፋብሪካ ፍሳሽ ሜርኩሪ የያዘ ዓሣና የባሕር ምግብ ከመብላት ነበር።

ለሜቲል ሜርኩሪ የተቀመጠው የሳምንት ጣሪያ በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ማይክሮ ግራም ነው። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 96 ማይክሮ ግራም ይሆናል። በኪሎ 0.5 ሚሊ ግራም ያለበት ዓሣ ከሆነ ይህ በሳምንት ከ200 ግራም በታች ነው። 0.05 ያለበት ከሆነ ግን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ቀረሶ በአብዛኛው ዋቅላሚና የበሰበሰ ነገር ስለሚበላና በኩሬ ውስጥ ዕድሜው አጭር ስለሆነ ሜርኩሪ የማጠራቀም ዕድሉ ትንሽ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ዓሣ እየበላ ያረጀ ትልቅ ዓሣ ነው፤ በሐዋሳ ሐይቅ ባርበስ በሚባሉት ትልልቅ ዓሦች ላይ ከፍ ያለ ሜርኩሪ በጥናት ታይቷል። ነፍሰ ጡሮች ከግዙፉ ይልቅ ትንሹን ቢመርጡ የተሻለ ነው።

ማእድ ቤት ብዙ ማስተካከል አይችልም። ሜርኩሪ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር የተጣበቀ በመሆኑ በሎሚ ማሸት፣ ማጠብና መጥበስ አያወጡትም፤ ጥብስ እንዲያውም ውኃውን አትንኖ በኪሎ ያለውን መጠን ከፍ ያደርገዋል። እርሳስና ካድሚየም ግን በብዛት የሚገኙት በስንጥብ፣ በአጥንት፣ በጉበትና በኩላሊት ስለሆነ ምንጩ ካልታወቀ ዓሣ ፊሌቶውን ብቻ መብላት፣ ከራስና ከአጥንት ሾርባ አለመሥራት ይረዳል። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ቀልጦ የተሠራ ድስትም ሎሚና ቲማቲም ሲገባበት እርሳስ ሊለቅ ይችላል፤ ያኔ ዓሣው ያለ ጥፋቱ ይታማል።

ትልቁ ሥራ ግን ያለው ኩሬው ከመቆፈሩ በፊት ነው። ቀሃ ለጥምቀት የአፄ ፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ወንዝ ነው። ከከተማው በላይ ያለው ቀሃና ጋራዡን፣ ላቫጆውን፣ ብየዳ ቤቱን አልፎ የሚወጣው ቀሃ ግን ስማቸው እንጂ ውኃቸው አንድ አይደለም። አንድ አሮጌ የመኪና ባትሪ ከ8 እስከ 10 ኪሎ የሚደርስ እርሳስ ይይዛል፤ አሲዱ ቱቦ ውስጥ ሲደፋ የእርሳሱ ዝቃጭም አብሮ ይሄዳል። የቀሃም የአንገረብም ወንዝ ውኃ ወደ መገጭ ወንዝ፣ በደምቢያ አድርጎም ወደ ጣና ስለሚወርድ ከከተማው በታች ያለው አርቢ የላይኛውን ሁሉ ይቀበላል። ውኃውን ብቻ ማስመርመር ያታልላል፤ እርሳስ ከደለል ጋር ተጣብቆ ስለሚሰፍር ውኃው ኩልል ብሎ ሳለ ጭቃው ይዞት ሊገኝ ይችላል። ከላይ ያለው 5 ሴንቲ ሜትር ጭቃ ከአምስት ቦታ ተወስዶና ተደባልቆ ይመርመር። በዝናብ ውኃ የሚሞላ ካለ ከአዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ባይሆን ይመረጣል፤ ዚንኩ የዓሣ ጫጩቱን ስንጥብ ያቃጥላል።

ኩሬው ሥራ ከጀመረ በኋላ አሲድነቱን መቆጣጠር ይገባል። ውኃው በአሲድነት መለኪያው ከፒኤች 6.5 በታች ሲወርድ፣ ማለትም አሲዱ ሲበረታ፣ ጭቃው የያዘውን ብረት መልቀቅ ይጀምራል። ይህን ለመከላከል ኩሬው ውኃ ከመሞላቱ በፊት ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 20 ኪሎ የእርሻ ኖራ በባዶው ጭቃ ላይ ተበትኖ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት መቆየት አለበት። የዶሮ ኩስ ያለ ልክ መድፋትም ሌላ ችግር ያመጣል፤ ታችኛው ውኃ ኦክስጅን ሲያጣ ባክቴሪያዎች በደለሉ ያለውን ሜርኩሪ ወደ ሜቲል ሜርኩሪ ይለውጡታል። መኖ ከፋጉሎና ከፉርሽካ ሲዘጋጅ የዓሣ ሆድ ዕቃ አድርቆ መቀላቀል ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ካድሚየም የተጠራቀመበትን ጉበትና ኩላሊት መልሶ ማብላት ነው። ከሽያጭ በፊት ዓሣውን ሁለት ቀን ንጹሕ ውኃ ውስጥ ማቆየት አንጀቱን ያጠራል፤ በጉበቱና በሥጋው የገባውን ብረት ግን አይነካውም።

ውጤቱ በእርግጥ ከገደብ በላይ ከሆነ ሽያጩ ቆሞ በሁለተኛ ናሙና ይረጋገጥ። ዓሣው ለዶሮ መኖ አይፈጭ። ከኩሬው የሚጠረገውን ጥቁር ጭቃ ብዙ ሰው ለጓሮው ማዳበሪያ ይፈልገዋል፤ ሰላጣና ቆስጣ ካድሚየምን ከአፈር በቀላሉ ስለሚስቡ ያ ጭቃ የአትክልት መደብ ላይ መዋል የለበትም።

በዓሣ እርባታና በምግብ ምርመራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
ከጎንደር