ቁጥሩ ስላነሰ በሽታው የናቀን መሰለን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ ስለ ኮቪድ ጊዜ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ኢትዮጵያ ነገሩን በቀላሉ እንዳለፈችው ጽፋችኋል። በ2013 ዓ.ም. ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ በነርስነት ሠርቻለሁና ዝም ማለት አልቻልኩም።

አጀማመራችን ጥሩ እንደነበር እመሰክራለሁ። መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ በቀናት ውስጥ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ 14 ቀን ኳራንቲን ገባ። ታክሲ በግማሽ ጫነ። በየሱቁና በየባንኩ በር ቧንቧ ያለው ጀሪካን ተቀመጠ፤ እጅ ሳይታጠቡ መግባት ቀረ። አንድ ወር ሲሞላ በቫይረሱ መያዛቸው የታወቀ ሰዎች 100 አይሞሉም ነበር። ምርመራው ራሱ ጥቂት ነበር፤ እሱም አይረሳ።

ከዚያ በኋላ ነው የተሳሳትነው። «እኛን አይነካም» ተባለ። «የፈረንጅ በሽታ ነው»፣ «ፀሐያችንን አይችልም» ተባለ። ቁጥሩን ዝቅ ያደረገው ጥንቃቄያችን መሆኑ ተረሳና ጥንቃቄውን እርግፍ አድርገን ተውነው። የአምስት ወሩ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲያበቃ በሽታውም አብሮ ያበቃ መሰለን። ማስክን ግዴታ ያደረገ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ግን ማስኩ አገጭ ላይ ወረደ፤ ባንክ በር ላይ ጥበቃው ሲመጣ ብቻ ወደ አፍንጫ ይወጣ ነበር። ጉዳዩን ጨርሶ የወጣው ማስኩን አውልቆ ለሚገባው ሲያውስ በዓይኔ አይቻለሁ።

መጋቢት 2013 ላይ ከሚመረመሩት 100 ሰዎች ከ20 በላይ የሚሆኑት ቫይረሱ ይገኝባቸው ጀመር። አልጋ ሞላ። አንዱ የኦክስጅን ሲሊንደር እያለቀ ሌላው ሳይደርስ፣ ዓይናችን መለኪያው ላይ ተተክሎ ያደርንባቸው ሌሊቶች አሉ። አባቱን ይዞ የመጣ ወጣት ኮሪደሩ ላይ ይዞኝ «ሲስተር፣ ኮሮና ጠፍቷል ሲባል አልነበረም እንዴ?» አለኝ። ምን ብዬ ልመልስለት? ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ያንኑ ነበር። ክትባት የተጀመረውም በዚያው ወር፣ መጋቢት 4፣ ልክ በዓመቱ ነው። ጠፋ ለተባለ በሽታ ክትባት ማን ይሰለፋል?

በምርመራ ተረጋግጦ የተመዘገበው ሞት ብቻ ከ7,500 በላይ ነው። ይህን «በቀላሉ» ማለት ለቤተሰቦቻቸው ይከብዳል። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ግን ያው አነጋገር ለሚቀጥለው ወረርሽኝ መዘናጊያ መሆኑ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጋዜጠኞቻችሁን ወደ ሆስፒታሎች ላኩልን። ያኔ የተተከሉት የኦክስጅን ማምረቻዎች ዛሬ ይሠራሉ? የተበላሸውን ማን ይጠግናል? መለዋወጫስ አለ? በጥድፊያ ሠልጥነን ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገባነው ባለሙያዎች ስንቶቻችን እዚያው አለን? መልሱን አግኝታችሁ እንደዚያኛው ጽሑፍ ሰፋ አድርጋችሁ አውጡልን።

አንዲት ነርስ፣ ከአዲስ አበባ